ለእናቴ ያልፈሰሰው እንባ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? በጅማ ከተማ ጊንጆ አካባቢ የምኖር የ36 ዓመት ሴት ነኝ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናቴ በስትሮክ ግራ ጎኗ ሽባ ከሆነ በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር እኔ ቤት ሆና አስታምሜያታለሁ። ባለፈው ጥቅምት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እጄ ላይ ዐረፈች።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ትልቁ ደስታዋ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚቀርብ አንድ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ነበር። ማታ ማታ ትራሷን ከፍ አድርጌ፣ ቡና አፍልቼ አብረን እናያለን። ሙስሊም ጎረቤታችንም የጥልፍ ሥራዋን ይዛ ትመጣለች። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁ ስለማይሰማት «ምን አለች? ምን አለች?» ትለኛለች፤ እኔም ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ ተዋናዮቹ ያሉትን እደግምላታለሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ በጨለማው ውስጥ ታሪኩን ከቆመበት እሷው ትቀጥልልናለች። ክፉዋን አማት መርዝ አጠጥታ የገደለቻት ስንት ጊዜ ነው! በማግስቱ አማቲቱ በሕይወት ስትገኝ «እነዚህ ሰዎች ፍርድ አያውቁም» ትላለች። ከመሞቷ አራት ቀን በፊት «ይቺ ልጅ መጨረሻዋ እናቷ ቤት መመለስ ነው፤ እይልኝ» አለችኝ።

በቀብሯ ዕለት አላለቀስኩም። ታላቅ እህቴን እንዲያረዷት አዲስ አበባ ለሚኖሩ ጎረቤቶቿ የደወልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ድንኳን፣ የእድር ዕቃ፣ እንጀራ፣ ቄስ። እህቴ ስትደርስ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ሰው ሁሉ እሷን ሲይዝ እኔ ወንበር ይበቃ እንደሆነ እቆጥር ነበር። «የዚችኛዋ ዓይን ደረቅ ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እህቴ ለገና መጥታ እስከ ሰማንያዋ ቆየች። በገና ማግስት ማታ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሳለ ከእናቴ ሞት ወዲህ ያላየሁት ያ ድራማ መጣ። ልጅቷ ሆስፒታል የተኛች እናቷን ጸጉር ታበጥራለች። ምን እንደወረደብኝ አላውቅም፤ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ጮኼ አለቀስኩ። እህቴ ትክ ብላ አየችኝና «ለእናታችን ያልወጣ እንባ ለቱርክ ወጣ?» አለችኝ። እኔም «አንቺ እናታችንን የምታውቂያት በስልክ ነው» አልኳት። ለመድኃኒት ወር በወር ትልክ የነበረችው እሷ ናት። የሰማንያው ዕለት ሳንነጋገር ዋልን፤ እስከ ዛሬም አልተደዋወልንም።

ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ስልኬ ላይ አውርጄ ሁሉም ሲተኛ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ አለቅሳለሁ። ቀጣዮቹን ክፍሎች ለማየት ግን አልደፈርኩም። ባለቤቴ «ድራማ ነው እኮ» ይለኛል። በሚያዝያ የመንፈቅ ተዝካሯ ነው፤ እህቴ ትመጣለች። ለወለደቻት እናት ደርቃ ለልብ ወለድ የምታለቅስ ሰው ጤነኛ ናት? እኔስ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

እንባዬ የዘገየብኝ
ከጅማ


ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ጸጉሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እነዚያን ሁለት ዓመት ከአራት ወራት የእናትሽን ጸጉር የሚያበጥረው ማን ነበር? አልጻፍሽውም። እኔ ግን አንቺ ነሽ ብዬ ገምቻለሁ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ በዚያ ማታ ቴሌቪዥኑ ያሳየሽ የቱርክ አገር እናትና ልጅ አልነበሩም። ስታደርጊው የኖርሽውን፣ ስታደርጊው ግን አንድም ቀን ከውጭ ሆነሽ ያላየሽውን ነገር ነው ያሳየሽ። ሰው የራሱን እጅ ሥራ ላይ እያለ አያየውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺን ያረዳሽ ማን ነው? እህትሽን ጎረቤቶቿ ተሰብስበው፣ በወጉ፣ ከግራና ከቀኝ ይዘው አርድተዋታል። ያን ያዘጋጀሽላት አንቺ ነሽ። አንቺን ግን ማንም «እናትሽ ዐረፈች» አላለሽም፤ መርዶውን በእጅሽ ይዘሽው ነበርና። መርዶ በአገራችን ዝም ብሎ ወሬ መንገር አይደለም። «አሁን መውደቅ ትችላለህ፣ እኛ እንይዝሃለን» የሚል ፈቃድ ነው። አንቺ ያ ፈቃድ አልተሰጠሽም። ወንበር የምትቆጥር ሴት ብትወድቅ ወንበሩን ማን ይቆጥራል? እና ቆመሽ ዋልሽ። ዓይንሽን ደረቅ ያሉት ሰዎች በዚያ ቀን የበሉትን እንጀራ ያሰናዳችው ያቺው ባለ ደረቅ ዓይን መሆኗን አንድ ሰው ቢነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። ይህ የእኔ ቁጣ ነው፤ አንቺ አትቆጪ።

አሁን ወደ «ለቱርክ ወጣ» እንምጣ። ቃሉ እንደሚያም አውቃለሁ። ግን እስኪ የራሳችንን ለቅሶ አስታውሺ። ሰው በሌላ ሰው ታሪክ የራሱን ማልቀስ የጀመረው ቴሌቪዥን ሲመጣ ነው እንዴ? ሙሾ አውራጇ ተነሥታ የሟቹን እጅ፣ የሟቹን ደጅ፣ የሟቹን ደግነት ስታነሣ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ስንቱ ሟቹን በቅጡ ያውቀዋል? አክስቴ እምብዛም የማታውቀው ሰው ለቅሶ ደርሳ ዓይኗ አብጦ ትመለስና «ለማን ነው እንዲህ ያለቀስሽው?» ስንላት «ለወንድሜ ነዋ» ትለን ነበር። ወንድሟ ከሞተ ያን ጊዜ 11 ዓመት ሆኖታል። ማንም አልሳቀባትም። የግጥሙ ሥራ ይኸው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሰውን በሌላ ሰው በር አስገብቶ ራሱ ቤት ያደርሰዋል።

ዛሬ በብዙ ከተማ ሙሾው ቀርቷል፤ ድንኳኑም በሦስተኛው ቀን ይነሣል። ቀረ ብዬ ልሟገት አይደለም፤ ደረት መድቃቱ፣ ፊት መንጨቱ ስንቱን ጎድቷል። ደግነቱ እድሩ ድስቱንም ወንበሩንም ያቀርባል። እንባን ግን ከእድር ዕቃ ቤት በፊርማ አያወጡትም። የአንቺን እንባ ያወጣው ያ ድራማ ነው። ሙሾ አውራጅ ሆነልሽ። ዘግይቶ መጣ፣ በባዕድ አገር ልብስ መጣ፣ ግን መጣ።

ደግሞስ በምን ሒሳብ ነው ባዕድ የሚሆነው? ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጽሑፍ፣ ተመልካች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር የወዳጅነት ዓይነት ስሜት እንደሚያድርበት ጽፈው ነበር፤ እነሱ አያውቁትም፣ እሱ ግን ያውቃቸዋል። የቱርክ ድራማ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በአገሩ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሆኖ ይታያል። ለውጭ ሲሸጥ ግን ተቆራርጦ ያጥርና በየቀኑ ይቀርባል። ለዚህ ነው አንዲት ሴት ደብዳቤ እስክትከፍት ሦስት ማታ የምንጠብቀው! ስለዚህ ያቺ ልጅ ከማንኛውም ዘመዳችሁ ይልቅ ቤታችሁ ተመላልሳለች። ከእህትሽም ይልቅ። (ይህን ለእህትሽ አትንገሪያት።)

የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተተረጎመ በሳተላይት ጣቢያ በብዛት መታየት በጀመረበት በ2008 ዓ.ም. የተነሣውን ክርክር ታስታውሺ ይሆናል። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች እንጀራችን ተነካ፣ ባህላችን ተበረዘ ብለው ነበር፤ የእንጀራውን ነገር ዛሬም የሚናቅ ስጋት ነው አልልም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ እንደ እናትሽ ያለች፣ ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈውን ማንበብ የማትችል፣ ከአልጋ የማትነሣ ሴት ምን ትላለች ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም። እሷ ከጊንጆ ሳትወጣ ኢስታንቡል ገብታ አማት ትገድል ነበር። ይህን እንዴት እንደወደድኩት! መብራት ሲጠፋ የሚያማርር እንጂ ታሪኩን ከደራሲው ነጥቆ የሚቀጥል ስንት ሰው አለ? የጅማን ዝናብ በቆርቆሮ ሥር የሰማ ሰው ጆሮዋ ሥር ተጠግተሽ ንግግሩን ስትደግሚላት የነበረውን ማታ በደንብ ያየዋል። እስኪ አስቢው፦ የልጅቷን ቃል ለእናትሽ በጆሮዋ የምትናገሪው አንቺ ነበርሽ። «እማዬ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ በአንቺ ድምፅ ወጥቷል? ያ ቃል በሌለችበት ማታ ከቴሌቪዥኑ ሲወጣ ዝም ብለሽ ልትቀመጪ ኖሯል?

ባለቤትሽ «ድራማ ነው እኮ» ማለቱ ትክክል ነው። ምንም አይጠቅምም እንጂ ትክክል ነው። ይልቅ ልጆቹን ይዞ መውጣቱ ደግ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጆቹ እናታቸው ለምን እንደጮኸች ተነግሯቸዋል? ካልተነገራቸው «አያታችሁን ናፍቄ ነው» ማለት ይበቃል። እነሱም ናፍቀዋት ይሆናል።

ከአንቺ ጋር የማልስማማበት ቦታ ላይ ደረስኩ። «የምታውቂያት በስልክ ነው» ያልሽው ቃል ከእሷ ቃል ይከፋል። እሷ የወረወረችው ያላወቀችውን ነገር ነው፤ አንቺ የወረወርሽው የት እንደሚያማት አውቀሽ ነው። ወር በወር ለመድኃኒት የላከች ሴት ራሷን ማታ ማታ የምትጠይቀው ይህንኑ ጥያቄ አይደል? ደግሞም በቱርኳ ልጅ የቀናች አይመስለኝም። በዚያ ማታ ፊቷ ላይ የተከፈተው ድራማ እሷ ያልነበረችበት ክፍል ነው፤ አልጋው፣ ቡናው፣ ጎረቤቷ፣ ጨለማው። እናንተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖራችሁበታል፤ እሷ በእንግድነት ደርሳ ስትሄድበት ነበር። እናታችሁ በጨለማ ታሪክ እንደምትቀጥል እህትሽ ታውቃለች? «ፍርድ አያውቁም» ያለችውን ሰምታለች? «እይልኝ» ያለችውንስ? የማታውቅ ከሆነ የምታለቅሽው ለማን እንደሆነ በምን ልታውቅ ትችላለች?

የሌሊቱ ነገር ነው ትንሽ ያሳሰበኝ። ማልቀስሽ አይደለም፤ አልቅሺ። ግን ብቻሽን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ በትንሽ ስልክ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ክፍል። ስታዪው የት ላይ ታቆሚዋለሽ? ጸጉሯ ተበጥሮ ሳያልቅ ነው? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። እዚያ ላይ ከቆመ በስልክሽ ውስጥ ያለችው እናት አልሞተችም፤ ማበጠሪያውም ገና በእጅሽ ነው። ማን ከዚያ መውጣት ይፈልጋል? ለጊዜው ደምስሺው አልልሽም። ሰዓቱን ብቻ ቀይሪው። ከሌሊት ወደ አመሻሽ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን አምጪው። ባለቤትሽ አጠገብሽ ይቀመጥ፤ ምንም እንዲናገር አትጠብቂበት፣ መቀመጡ ይበቃል። በማግስቱ ልጆች ፊት የምትቆሚ መምህርት ነሽ፤ እንቅልፍ ያስፈልግሻል።

ጤነኛ ነሽ ወይ ላልሽኝ፣ በአራት ወር ውስጥ ለእናት ማልቀስ በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች ምደባ እንኳ ሐዘንን ሕክምና የሚሻ ሕመም ብሎ የሚያየው ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት፣ ከአገሩ ባህል ልማድም በላይ ሆኖ፣ ኑሮን ሲያስተጓጉል ነው። ይሁን እንጂ ቀን መቁጠርም አያስፈልግም፤ እንቅልፍና ምግብ ከራቁሽ፣ ሥራ መሄድ ካቃተሽ ወይም «እሷን ልከተላት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ቀን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሩቅ አይደለም።

አሁን እህትሽ። እስከ ሚያዝያ አትጠብቂ፤ የተዝካር ቀን የሁለት ሰው ጉዳይ የሚነገርበት ቀን አይደለም፤ ማድ ቤት ውስጥ ድስት መሐል ቆማችሁ ስትጀምሩት ሽሮው ያርራል፣ ነገሩም አብሮ ያርራል። በዚህ ሳምንት ደውዪላት። መልእክት አትጻፊ፤ ድምፅሽን ትስማ። «ያን ቃል ማለት አልነበረብኝም፤ ሐሰትም ነው» በያትና ዝም በዪ። «አንቺም እኮ...» የሚለውን ዋጪው፤ የእሷን ይቅርታ እሷ በጊዜዋ ታምጣው። ቀጥለሽ ከተዝካሩ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማ እንድትመጣ ለምኛት። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደክሟት ትደርሳለች፤ የመጀመሪያውን ማታ አትንኪያት፣ እግሯን ትታጠብና ትተኛ።

በማግስቱ ቡና አፍዪ፤ ጎረቤትሽንም ጥሪያት። እሷ ከሁላችሁም በላይ የምታስፈልግ ምስክር ናት፤ እናትሽ የተናገረችውን የምታስታውስ፣ ስታስታውስም የማታዳላ። እህትሽን እናታችሁ ትተኛበት በነበረው በኩል አስቀምጫትና ድራማውን ክፈቺ። የጸጉሩን ክፍል አይደለም። እናትሽ ካቆመችበት ጀምሪ፣ «እይልኝ» ባለችሽ ማታ ካለው። ወደ ጸጉሩ ክፍል ስትደርሱ ሦስት ሆናችሁ ትደርሳላችሁ። እህትሽ ማን ማን እንደሆነ አታውቅም፤ «ይቺ ደግሞ ማናት? ምን አለች?» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ታውቂበታለሽ፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርተሽዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ አትበሳጪ። እስኪ እሷ ትቀጥለው።

«ድራማ አላይም» ብትልሽስ? አትጫኛት። ቤት ውስጥ መነጋገር ለብዙ ሰው ይከብዳል። ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጡና በእግራችሁ ተመለሱ፤ ቁልቁለቱን ጎን ለጎን የሚወርድ ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት አይገደድም፣ ከተማውም ከሥሩ ተዘርግቶ ይታየዋል። እዚያ የእናታችሁን የመጨረሻ ማታዎች ንገሪያት። ስለ አማቲቱም ጭምር፣ በተለይ ስለ አማቲቱ። ጥቅምት ላይ አብራችሁ ያላለቀሳችሁትን እዚያ ታለቅሱት ይሆናል፤ ትስቁም ይሆናል፤ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም።

ስለ ቀሪዎቹ ክፍሎች ላነሣሽው ፍርሃት ግን እኔ የምጨምረው የለም፤ እናትሽ አስቀድማ ወስናለች። «እይልኝ» አለችሽ እንጂ «አልቅሺልኝ» አላለችሽም። ፍጠኚም አላለችም፤ በሳምንት አንድ ክፍል ብታዩ ማን ይከሳችኋል?

ስትጨርሱት አንድ መስመር ጻፊልኝ። ልጅቷ እናቷ ቤት ተመለሰች ወይ? አማቲቱንስ ምን አደረጓት?